ከተክል የሚሠራ ሰርፍቦርድ፦ እንዴት ይሠራል?

ሰርፍቦርድ የባሕር ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ነው። እንዲንሳፈፍ ሆዱ አየር መያዝ አለበት፤ በአየሩ ቦታ ውሃ እንዳይገባ ደግሞ ቆዳ ያስፈልገዋል። የጣናን የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ደንገሉ አየር ስለያዘ ይንሳፈፋል፣ ቆዳ ስለሌለው ግን ውሃ እየጠጣ ይከብዳል።

ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ሰሌዳ ሆዱ ፖሊዩሬቴን ፎም፣ ቆዳው ሬዚን በተባለ የሚደርቅ ሙጫ የተነከረ የፋይበርግላስ ጨርቅ ነው። ፎሙም ሬዚኑም ከነዳጅ ዘይት የሚመጡ ናቸው። ዲሴምበር 2005 ለአሜሪካ ሠሪዎች አብዛኛውን ጥሬ ፎም ያቀርብ የነበረው የካሊፎርኒያው ክላርክ ፎም ኩባንያ ድንገት ሲዘጋ፣ ባለሙያው ሌላ ነገር ፍለጋ ወጣ።

አንዱ መንገድ ፎሙን ራሱን መቀየር ነው። ፎም የሚሠራው ፖሊዮልና አይሶሳያኔት የተባሉ ሁለት ፈሳሾችን ደባልቆ ነው፤ ውህዱ ይግላል፣ ጋዝ ይነፋዋል፣ ከዚያ ይደርቃል። በ2015 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ተመራማሪዎች ፖሊዮሉን ከአልጌ ዘይት አውጥተው ሰሌዳ ሠሩበት። ጎበዝ ሥራ ነው። ግን ለሠራተኛው ሳንባ አደገኛ የሆነው አይሶሳያኔት አልቀረም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ አጋቬ ነው፤ የእኛም የቃጫ ተክል አንድ ዓይነቱ ነው። አጋቬ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል። ለዓመታት ያጠራቀመውን ጉልበት ሁሉ አውጥቶ ከጣሪያ በላይ የሚሄድ የአበባ ዘንግ ይልክና ይሞታል፤ ዘንጉ እዚያው ቆሞ ይደርቃል። የሳን ዲዬጎ አካባቢ ሠሪዎች የሚሹት ይህንን ደረቅ ዘንግ ነው፤ በሕይወት ያለ ተክል አይነኩም። ሲሰነጠቅ ዳሩ ጠንካራ፣ መሀሉ ክር የበዛበትና ቀላል ነው። እየሰነጠቁ፣ እያጣበቁ፣ ከዚያ እየላጉ ያወጡታል። ሥራው አድካሚ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።

ቆዳው ላይ ደግሞ ተልባ ይመጣል። እኛ የምንፈልገው ፍሬውን ነው፤ አውሮፓውያን ከአገዳው ክር አውጥተው በፋይበርግላስ ፈንታ ይሸምኑታል። ችግሩ የተልባ ጨርቅ ከፋይበርግላሱ ይልቅ ብዙ ሬዚን መጠጣቱ ነው። «ከተክል የተገኘ» የሚባለው ኢፖክሲ ሬዚንም ከፊሉ ብቻ ነው የተክል፤ ለምሳሌ ከባዮዲዝል የሚተርፍ ግሊሰሪን ይገባበታል፣ ሌላው ያው የነዳጅ ውጤት ነው።

ጭራሽ ሬዚን የማይነካው አላያ የተባለው ቀጭን የሃዋይ ሰሌዳ ነው። የጥንቶቹ ሠሪዎች ከኮዋ እንጨት ጠርበው የኩኩይ ፍሬ ዘይት ይቀቡት ነበር። የዛሬዎቹ ፓውሎኒያ የተባለ ቀላል እንጨት ጠርበው የተልባ ዘይት ያጠጡታል፤ ዘይቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ከሁሉም ንጹሑ ይህ ነው ባይ ነኝ፤ ግን እምብዛም ስለማይንሳፈፍ ለጀማሪ አይሆንም።

«ከተክል የተሠራ» ብሎ የሚሸጥልዎ ካለ ሆዱን፣ ጨርቁንና ሬዚኑን ለየብቻ ይጠይቁት፤ የሬዚኑንማ ከመቶ ስንቱ ከተክል እንደሆነ ሳይነግርዎ ገንዘብ አያውጡ።