ንዴቱ ሲበርድ የማይወርድ ግፊት

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሐይቅ ከተማም ሆነ ከዚያ አልፎ በአምባሰል፣ ሰው በድንገት ሲወድቅ ምክንያቱን ከሐኪም በፊት የሚናገረው ጎረቤት ነው። “ሐሳብ ነው የጣለው” ይባላል። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ያለው፣ ደም ብዛት የተገኘበት፣ ስኳሩ የጨመረ፣ ጨጓራው የሚያቃጥለው ሁሉ የሚከሰው ሐሳብንና ንዴትን ነው። በለቅሶ ቤት የሚነገረው የሟች ታሪክም ብዙ ጊዜ ከአንድ መርዶ፣ ከአንድ ክርክር ወይም ከአንድ ዕዳ ይጀምራል።

ክሱ ከንቱ አይደለም። ወሎ ለሐሳብ የሚሆን ነገር ጎድሎበት አያውቅም። የ1966 እና የ1977 ረሃብ ክንዱን ያሳረፈው በዚሁ ምድር ላይ ነው። በ2014 መባቻ የሰሜኑ ጦርነት ግንባር ከውርጌሳና ከውጫሌ ወደ ሐይቅ፣ ከሐይቅም ወደ ደሴ ሲገፋ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ወደ ደቡብ ተሰደደ፤ ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት እጅ ተመልሰው የገቡት ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀስቅሶ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል። በሐይቅ “ቱርክ ካምፕ” በሚባለው መጠለያ ከወለጋ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ዓመታት አስቆጥረዋል። በዚህ ሁሉ ላይ የጤፍና የዘይት ዋጋ አለ።

ሰውነት ግን የመጣበት ጥይት ይሁን የቤት ኪራይ ብዙም አይለይም። አንጎል አደጋ ሲሸተው ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይሰዳል። ቀጥሎ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይመጣና ሰውነቱ ለረዘመ ትግል እንዲሰናዳ ያደርጋል። ለሚሮጥ ወይም ለሚታገል ሰው ይህ ሕይወት አዳኝ ነው። ወሬው ለጠፋ ልጅ፣ ወለዱ ለሚቆጥር ብድር፣ መቼ እንደሚከፈት ለማይታወቅ መንገድ ሲሆን ግን ዝግጅቱ ማብቂያ ያጣል፤ ልብና የደም ሥርም በተጠንቀቅ ቆመው ይከርማሉ።

ጉዳቱ ሊለካ እንደሚችል የሚያሳዩ ማስረጃዎች አሉ። ጥር 1994 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስን ንጋት ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ በቀን በአማካይ 5 የማይሞላ የነበረው ከልብ ሕመም ጋር የተያያዘ ድንገተኛ ሞት በዚያ ዕለት 24 ደረሰ። ከፍርስራሽ በታች ሳይሆኑ በድንጋጤ ብቻ የሞቱ ይገኙባቸው ነበር። በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የመርሳት ሕመም ያለበት ዘመድ በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ አነስተኛ ቁስል አድርገው ሲከታተሉ፣ ቁስሉ ከሌሎቹ ሴቶች 9 ቀን ያህል ዘግይቶ ዳነ። በ2004 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣውና አፍሪካን ጨምሮ 52 አገሮችን ያዳረሰው ትልቁ የልብ ጥናትም በሥራ፣ በቤትና በገንዘብ ጭንቀት መኖር የልብ ድንገተኛ ሕመም ከያዛቸው ሰዎች ጋር አብሮ የሚገኝ መሆኑን አረጋግጧል።

ከሁሉም ለአምባሰል የሚቀርበው ማስረጃ የመጣው ከዚያው ከወሎ ነው። ጌታቸው አራጌና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ፣ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ በማህፀን ወይም በጨቅላነት የነበሩ ሰዎችን ጎልማሳ ከሆኑ በኋላ አጥንተዋል። የወገብ ውፍረት፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የቅባት መዛባት በአንድ ሰው ላይ ተደራርበው የመገኘታቸው ዕድል ከረሃቡ በኋላ ከተወለዱት ይልቅ በእነዚህ ላይ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስቴፋን ደርኮንና ካትሪን ፖርተር በሌሎች የኢትዮጵያ ገጠሮች ባደረጉት ጥናት ደግሞ በረሃቡ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የነበሩ ሕፃናት አድገው ሲለኩ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አጥረው ተገኝተዋል። ዛሬ በአርባዎቹ ያሉት የወሎ ሰዎች ጤና ጣቢያ ሲገቡ የእናታቸውን ረሃብ ይዘው ነው የሚገቡት።

ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ፣ ከሐሳብ ወደ ስትሮክ የሚወስደው መንገድ በአብዛኛው የሚያልፈው በየቀኑ ውሎ በኩል ነው። በየከተማው እንግዳ ያልሆነውን የአንድ ባጃጅ ሾፌር ውሎ መከተል በቂ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሳይበላ ይወጣል፤ ቁርሱ አንድ ሲኒ ቡና ነው። ረፋዱ በቤንዚን ሰልፍና በዕለት ገቢ ጭቅጭቅ ያልፋል። ከምሳ በኋላ በርጫ ይቀመጣል፤ ከጫቱ ጋር ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይና ሲጋራ ይቀርባል። ምርቃናው ሲመጣ ዕዳው የሚከፈል፣ ቤቱ የሚሠራ ይመስላል። እራት አያሰኘውም። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፣ ቢራ ወይም አረቄ። እንቅልፍ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እምቢ ይላል፤ ከመጣም ዱካክ አለ። ንጋት ላይ ራሱን ሲፈልጠው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጥና መሪውን ይይዛል።

እያንዳንዱ እርምጃ በደም ሥሩ ላይ የየራሱን ሥራ ይሠራል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ለሰዓታት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በየመን የተካሄዱ ጥናቶች አብዝቶ መቃምን ከልብ ድንገተኛ ሕመም ጋር አያይዘውታል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይህ የደም ሥር ዕረፍት ይቀርበታል። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ደግሞ በሰውነት ውስጥ ጨውና ውኃ እያስቀሩ ግፊቱን ያንሩታል፣ ጨጓራውንም ይልጣሉ። ሾፌሩ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የሚናገረው ስለ ዕዳው ነው።

ጫት በወሎ የሱስ ታሪክ ብቻ የለውም። ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ሥርዓት ሽማግሌዎች ቡና ተፈልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ዱዓ እየተደረገ መንዙማ ያዜማሉ። በዚያ ሥርዓት ጫት የሚቀርበው ቀን ተለይቶለት፣ መራቂና አሚን ባይ ባለበት ነው። ወጣቱ ከሰዓቱን ሁሉ ለብቻው ወይም ከሥራ አጥ ጓደኞቹ ጋር የሚቅመው ሌላ ነገር ነው። ሐራራው ሲመጣ የሚጠይቀው ጫት እንጂ ምርቃት አይደለም።

ጓዳም ድርሻ አለው። በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ዳሰሳ አንድ ኢትዮጵያዊ አዋቂ በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚወስድ አሳይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው የሚገባው በአንድ በር አይደለም። በርበሬው ሲዘጋጅ ይጨመርበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይታከልበታል፣ ወጡ ሲወጣ ደግሞ እየተቀመሰ ይደገማል። ባለሞያ የተባለች ሴት ጨው አነሰበት እንዳይባልባት ትጠነቀቃለች። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ የሆነው የፓልም ዘይትም የኑግንና የቅቤን ቦታ ይዟል። ድሮ ገበያ ደርሶ መመለስ የግማሽ ቀን እግር ጉዞ ነበር፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ ጉልበት ያለውም ሰው ለአጭር መንገድ ባጃጅ ያስቆማል።

በዚያው ዳሰሳ ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ሕክምና ላይ አልነበሩም። ሐሳብን መክሰስ ወደ ጉዳት የሚለወጠው እዚህ ጋ ነው።

ግፊት በትክክል ሲለካ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ዳገት ወጥቶ፣ ተራ ተጋፍቶ የገባ ታካሚ ወዲያው አይለካም። ለ5 ደቂቃ ያህል ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦ፣ ሳይነጋገር ይቀመጣል። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና መጠጣትና ማጨስ የለበትም። ክንዱ በልቡ ልክ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ጨርቁ ይጠመጠማል፣ ይነፋል፣ ይተነፍሳል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው የደም ግፊት ሕመም የሚባለው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው የንዴትንና የድካምን ግፊት ከሕመሙ ለመለየት ነው። ንዴት ያነሳው ግፊት ንዴቱ ሲበርድ ይወርዳል። ሕመሙ ግን ሰውየው እየሳቀም፣ ተኝቶም፣ ዓመት በዓል እያከበረም አይወርድም። አብዛኛውን ጊዜ ምልክትም የለውም።

“ደም ብዛቴ ዛሬ አልተነሳብኝም” ብሎ የግፊት ክኒኑን አምሎዲፒንን ያልዋጠ ሰው በሐይቅም፣ በደሴም፣ በአዲስ አበባም ሞልቷል። ደም ብዛትን በንዴት ጊዜ መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ያደረገ ሰው ክኒኑንም ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ የሚወሰድ ያደርገዋል። አንዱ ከጎረቤቱ ይበደራል፣ ሌላው በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ይተካዋል፣ ሌላው “ቤቴ ሰላም ሆኗል” ብሎ ያቆመዋል። ግፊቱ በዚህ መሀል ኩላሊትን፣ የዓይንን ደም ሥርና አንጎልን ያለ ድምፅ ይጎዳል። ስትሮኩ የሚመጣው በአንድ የጭቅጭቅ ቀን ከሆነ ደግሞ ጎረቤት ጭቅጭቁን ያያል፤ የተቋረጠውን የብዙ ወር ክኒን የሚቆጥር የለም።

ሐሳብን ለሁሉ ነገር ተጠያቂ ማድረግ ሐኪሞችንም አሳስቶ ያውቃል። የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን የጭንቀትና የቅመም ውጤት ተደርጎ ይታይ ነበር። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ራሱ ጠጥቶ ታመመና መንስኤውን አሳየ፤ ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በኢትዮጵያ ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ይህን ባክቴሪያ እንደሚሸከም ጥናቶች ይገምታሉ። ተልባ በጥብጦ የሚጠጣውና “ሐሳቤ ሲቀልል ይተወኛል” የሚለው ሰው ምናልባት የሚያስፈልገው ምርመራና ለሁለት ሳምንት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ጭንቀት ግን ከነገሩ ጨርሶ አልወጣም። በ1995 እ.ኤ.አ. ከጃፓኑ የኮቤ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የሚደማ የጨጓራ ቁስል ጨምሮ ታይቷል።

ሐሳቡ ራሱስ ማን ያክመዋል? በዚምባብዌ መዲና ሐራሬ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። ሥራቸው ማዳመጥና ከታካሚው ጋር አንድ የሚፈታ ችግር መምረጥ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው የ573 ሰዎች ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት ያልለቀቃቸው አያቶቹ ካነጋገሯቸው 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በተለመደው አገልግሎት ከታዩት ግን 50 በመቶ ያህሉ። ለእንዲህ ያለ መደማመጥ መሠረቱ በወሎም አለ፤ ወሎ የቡናው አቦል፣ ቶናና በረካ ሳይሟላ ጎረቤት የማይለያይበት፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በቅሬ ተረዳድቶ የሚቀብርበት አገር ነው። ከ300 ሺሕ በላይ ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ድምር ጠንካራ ማኅበራዊ ግንኙነት ያላቸው በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው 50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ቅሬው ለሞት ሲሰበሰብ ኖሯል፤ በዚያው ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግፊት መለኪያ ይዛ ብትገኝ የሚከለክላት ልማድ የለም።

ልኬቱ ያለ መድኃኒት ግን ብዙ አይራመድም። በጦርነቱ ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፏል፤ ከቤታቸው የሸሹ ታካሚዎች ክኒናቸውንና ካርዳቸውን ጥለው ሄደዋል። በኋላም መንገድ በተዘጋ ቁጥር የወር መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኢትዮጵያ ሁኔታቸው ለተረጋጋ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል። አምሎዲፒን ቅዝቃዜ የማይጠይቅ፣ ርካሽና በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ነው። ያንኑ አሠራር ለደም ግፊት ታካሚዎች ማዳረስ የሐይቅና የአምባሰል ጤና ጣቢያዎች ብቻቸውን የሚወስኑት ባይሆንም፣ ከውጫሌ ገጠር በእግሩ ለሚመጣ ታካሚ ቢያንስ አንዱን ሐሳብ ያቀልለታል።