ስለ አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ወንፈልና ስለ መረባቸው ዕቅድ ሙያዊ ቃላት

አንድ ሥራ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ቢጣል፣ ኮምፒዩተሩ የቆመ ዕለት ሥራውም ይቆማል። ስለዚህ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ አገልጋይ ኮምፒዩተሮች በመረብ ተያይዘው፣ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ሥራውን እንዲረከቡ ይደረጋል። ይህ ስብስብ በተለምዶ «ክላስተር» ይባላል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጀመረው ወረዳኔት የኮምፒዩተርን መረብ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለማድረስ የታቀደ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመረብ ቃላት የአዲስ አበባ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ መሆናቸው ቀርቷል። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚሠራ ባለሙያም የአማርኛ መመሪያ ቢቀርብለት፣ አንብቦ መሣሪያውን ያለ ስሕተት ማዋቀር መቻል አለበት። ምሳሌዎቻችንን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ኑሮ የወሰድነውም ስለዚህ ነው።

የእንዲህ ያለ መረብ ዕቅድ በመሠረቱ የብልሽት ዕቅድ ነው። ስለሆነም ለአቻ ቃል መረጣ «ነገሩ ምን ይመስላል?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም፤ «ሲበላሽ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅም ያሻል።

1. ስብስቡ። በግብርናው ዘርፍ «ክላስተር» በ«ኩታ ገጠም» ተተክቷል። ኩታ ገጠም ማሳ ግን የአንዱ ሰብል ሲጠፋ የጎረቤቱ አይተካውም፤ ቃሉ መጎራበትን እንጂ መረዳዳትን አያመለክትም። «ዘለላ»ም ቢሆን ዘንጉ ሲቆረጥ አብሮ ይወድቃል። «ደቦ» ለሐሳቡ ይቀርባል፤ ዳሩ ግን «የደቦ ፍርድ» የሚለው አነጋገር ቃሉን አጠልሽቶታል። «ወንፈል» ግን አንዱ የሌላውን ሥራ በተራ የሚያነሣበት ትብብር በመሆኑ የተሻለ ነው። ስለዚህ «የአገልጋዮች ወንፈል»፣ እያንዳንዱንም ኮምፒዩተር «አባል» ብንለው ይስማማል።

2. የመረቡ ክፍሎች። ዐቃጁ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ንዑስ መረቦችን ይለያል፤ እነዚህም የማስተዳደሪያ፣ የማከማቻና የአባላት መጠያየቂያ ናቸው። ለምሳሌ ያህል 10.10.10.0፣ 10.10.20.0 እና 10.10.30.0 የሚሉ አድራሻዎች ቢሰጣቸውና ለእያንዳንዱ 24 የመረብ ቢቶች ቢመደቡ፣ በየንዑስ መረቡ 254 መሣሪያዎች አድራሻ ያገኛሉ። የመለያየቱ ምክንያት ግልጽ ነው። አባላት በየጊዜው አጭር የመኖር ምልክት ይለዋወጣሉ። በዚያው መስመር ከባድ የመረጃ ቅጂ ሲተላለፍ ምልክቱ ይዘገያል፤ በሕይወት ያለው አባልም እንደ ሞተ ይቈጠራል። ምልክቱን «የልብ ትርታ» ማለት የባዕድ ምሳሌ መዋስ ነው። ከሸንተረር ማዶ ሲጠሩት «አለሁ!» ብሎ የሚመልስ ሰው ባለበት አገር «የአለሁ ምልክት» ቢባል አድማጭ ወዲያው ይረዳዋል።

3. በርና መሻገሪያ። ከዚህ ቀደም ባረምነው አንድ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ «በር» የሚለው ቃል ለሦስት ነገሮች ገብቶ ነበር፤ ይኸውም ገመድ ለሚሰካበት ቀዳዳ፣ ለአገልግሎት ቍጥርና ከአንድ መረብ ወደ ሌላ ለሚያሸጋግረው መሣሪያ ነው። ረቂቁን የሞከረው ባለሙያ «ለየመረቡ በሩን ሙላ» የሚለውን አንብቦ፣ በማስተዳደሪያው ብቻ መጻፍ የነበረበትን አድራሻ በሦስቱም ጻፈ። መልሶች በተሳሳተ መንገድ ወጡ፤ አባላቱም ተጠፋፉ። ጥፋቱ የባለሙያው ሳይሆን የእኛ የቃላት ድህነት ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያውን «መሰኪያ»፣ ሁለተኛውን «በር»፣ ሦስተኛውን «መሻገሪያ» ብለን ለየን። ከስማዳ ወደ ወሎ የሚሄድ መንገደኛ በሽሎ ሲሞላ መሻገሪያ ያጣል፤ የወዲህ ማዶ ኑሮ ግን ይቀጥላል። የመረቡም መሻገሪያ ሲቋረጥ እንዲሁ ነው።

4. ድርብ መስመር። ሁለት ገመዶች እንደ አንድ ሆነው ሲሠሩ «ጥማድ» ለማለት ይቃጣል። ነገር ግን አንዱ በሬ ቢታመም ጥማዱ ይፈታል፤ እርሻውም ይቆማል። እዚህ ግን አንዱ ገመድ ሲበጠስ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። በመሆኑም «ድርብ መስመር» ይሻላል።

5. ምልዓተ ጉባኤ። ይህን ቃል አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። መረቡ ለሁለት ቢከፈል፣ ከግማሽ በላይ አባላት ያሉበት ወገን ብቻ ሥራውን ይቀጥላል። ከሦስት አባላት ሁለት፣ ከአራት ሦስት፣ ከአምስትም ሦስት ያስፈልጋሉ። እንግዲህ አራት አባላት ያሉት ወንፈል እንደ ባለ ሦስቱ የአንድ አባል መውደቅ ብቻ ይችላል፤ ሁለት ለሁለት ቢከፈል ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ይቆማሉ። ጐዶሎ ቍጥር የሚመረጠው ለዚህ ነው። ቃሉን ከስብሰባ ደንብ የሚያውቅ አንባቢ ስሌቱን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይከተላል።

ከእነዚህ ስያሜዎች አንዳንዶቹ በአጠቃቀም ሊሻሻሉ፣ «ክላስተር»ም በባለሙያው አፍ ጸንቶ ሊቆይ ይችላል። ተርጓሚው ግን በአንድ መመሪያ ውስጥ አንድን ቃል ለሁለት ነገር እንዳያውል እናሳስባለን፤ ጥፋቱ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርምና።