ከካርዱ በፊት ቆጣሪውን

ኮምፒውተራቸውን ለሳይንሳዊ ስሌት በፈቃዳቸው የሚያውሉ ሰዎች ዕቃ ለመቀየር ሲያስቡ ቀድመው የሚጠይቁት “የትኛው ግራፊክስ ካርድ ይፈጥናል?” ብለው ነው። ይህ ግን የጌም ተጫዋች ጥያቄ ነው። ተጫዋቹ ማታ ሁለት ሦስት ሰዓት ተጫውቶ ያጠፋዋል፤ ፎልዲንግ አት ሆም የተጫነበት ማሽን ግን ሌት ተቀን በሙሉ ጉልበቱ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት የፕሮቲኖችን አተጣጠፍና እንቅስቃሴ የሚያሰላው በበጎ ፈቃደኞች ማሽን ነው። በ2020 ኮሮና ሲገባ ሰዉ ተረባርቦ ድምር አቅሙን በሴኮንድ ከቢሊዮን ቢሊዮን ስሌት በላይ አድርሶት ነበር። የመብራቱን ሂሳብ የከፈለው ግን እያንዳንዱ ቤት ነው። ስለዚህ መለኪያው በአንድ ዋት የሚሠራው የሥራ መጠን መሆን አለበት ባይ ነኝ።

ሁለት የኤንቪዲያ ካርዶችን እናነጻጽር። በ2020 የወጣው አርቲኤክስ 3080 እስከ 320 ዋት ይወስዳል፤ በ2023 የወጣው 4070 ደግሞ 200 ዋት። በወረቀት ላይ የሁለቱም የስሌት አቅም በሴኮንድ ወደ 30 ትሪሊዮን ስለሚጠጋ፣ ፍጥነት ብቻ የሚያይ ገዢ ልዩነት አያገኝባቸውም። ዓመቱን ሙሉ ሳያርፉ በሙሉ ጉልበት ቢሠሩ ግን የ120 ዋቱ ልዩነት 1,051 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ጀርመን ውስጥ ለሚኖር፣ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ40 ሳንቲም ብናስበው፣ 420 ዩሮ መሆኑ ነው።

የወረቀቱ ቁጥርም ቢሆን የሚያገለግለው ለአንድ ዓይነት ስሌት ነው። ለጌም የተሠሩ ካርዶች የሚፈጥኑት ብዙ አሃዝ በማይጠይቅ ስሌት ነው፤ ድርብ ትክክለኛነት በሚባለው፣ ቁጥሩን በብዙ አሃዝ በሚይዘው ስሌት የ4070 ፍጥነት ወደ 64ኛ እጅ ይወርዳል። ከ1996 ጀምሮ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚያድነው ጊምፕስ ደግሞ በዋናነት የሚፈልገው ይህንኑ ነው። በ2024 የተገኘው 41,024,320 አሃዝ ያለው ቁጥር በግራፊክስ ካርድ መገኘቱ እውነት ነው፤ ካርዱ ግን ለዳታ ሴንተር የተሠራው ኤ100 ነበር፣ እሱም በድርብ ትክክለኛነት የሚያጣው ግማሹን ብቻ ነው። ይኸው ሥራ በተራ ፕሮሰሰር ሲሠራ ኮሮቹ ብዙ ጊዜ ከራም የሚመጣውን ዳታ ሲጠብቁ ይውላሉ። ኮር ከመጨመር ይልቅ ፈጣን ራም ወይም ሰፊ ካሽ ያለው ፕሮሰሰር የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ሮዜታ አት ሆም የተባለው ሌላው የበጎ ፈቃደኞች ፕሮጀክት ደግሞ ግራፊክስ ካርዱን ጭራሽ አይነካውም። ፕሮጀክቱን ሳይመርጡ ዕቃውን መምረጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

“ፍጥነትም እኮ ዋጋ አለው” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ በፎልዲንግ አት ሆም የሚቀጥለው ሥራ የሚዘጋጀው ካለፈው ውጤት ተነሥቶ በመሆኑ፣ ቶሎ ለሚመልስ ፕሮጀክቱ ለሥራው ከሚሰጠው ነጥብ በላይ ተጨማሪ ይሰጣል። ቀነ ገደቡን የማይደርስበት አሮጌ ካርድ ሥራው ለሌላ ስለሚላክ የበላው መብራት ከንቱ ይቀራል። ይህ ግን ካርዱን እስከ ጫፍ ለመንዳት ምክንያት አይሆንም። ፍጥነት ሲጨመር ቮልቴጁም ከፍ ስለሚልና ቺፕ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት ከሁሉም በላይ ውድ ናት። የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ አዲስ ካርድ ማምረትም ማዕድንና ኃይል ይፈጃል። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ለሚያሠራ ሰው የዓመቱ ልዩነት 131 ኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ፣ እሱ ባይገዛ ይሻለዋል። ቤቱን በኤሌክትሪክ ምድጃ የሚያሞቅ ሰውም በክረምት የካርዱ ሙቀት ኪሳራውን ያካክስለታል፤ ዱባይ ያለው ግን ያንኑ ሙቀት በኤሲ ለማስወጣት ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላል።

ገበያ ከመውጣት በፊት ባለው ካርድ ላይ የሚሞከር ነገር አለ። የኃይል ጣሪያውን በሶፍትዌር ወደ 70 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ ሶኬቱ ላይ በሚሰካ ትንሽ ቆጣሪ ፍጆታውን፣ በፕሮጀክቱ ገጽ ደግሞ የዕለቱን ነጥብ ለአንድ ሳምንት ማየት። ብዙ ጊዜ ነጥቡ የሚቀንሰው ከዋቱ ባነሰ መጠን ነው፤ ለዚህ ደግሞ አምስት ሳንቲም አይወጣም።