ማሲንቆ ክፍል ሲገባ

አዝማሪ ሙያውን ከቤተሰቡ እያየ ነው የሚወርሰው። ሙዚቃን በዲግሪ ልማር የሚል የክፍለ ሀገር ወጣት ግን አዲስ አበባ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ የአገሪቱ አንጋፋ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ያሬድ፣ ያለው እዚያ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው።

የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ አሜሪካ፣ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው የመጡ ነበሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ አለሙ አጋ በገናን አስተምረውበታል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ፒያኖና በገናን ማጎራበቱ ትልቁ ብልሃቱ ነው።

ማሲንቆን በክፍል ማስተማር ግን ቀላል አይደለም። የማሲንቆ አንድ ጅማት የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ነው፤ ጣት ጅማቱን በአየር ላይ ይነካዋል እንጂ እንደ ጊታር ሰሌዳ ላይ አይጫነውም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች በኖታ ይጻፋሉ፤ የአዝማሪው ጣት መንሸራተት ግን በአምስቱ መስመር ላይ በቀላሉ አይሰፍርም። እሱን ተማሪው ከመምህሩ አጠገብ ተቀምጦ በጆሮው ይለቅማል።