የረጋ ወተት፣ የሚሄድ ገደል

በጎጃም ደብረ ኤልያስ ላም ያለበት ቤት ወተቱ ሁለት ሦስት ቀን ተጠራቅሞ ሲቆይ «ረጋ» ይባላል። ከዚያ በወይራ የታጠነ ቅል ውስጥ ይገባና ይናጣል። የምትንጠው ሴት ጆሮዋ ቅሉ ላይ ነው። ድምፁ ሲለወጥባት ስንደዶ ታጠልቃለች፤ ስንደዶው የቅቤ ፍርፋሪ ይዞ ከወጣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ አድርጋ ቅቤውን ትሰበስባለች። ያልረጋ ወተት ቢናጥ የሚወጣው ቅቤ ለዓይን አይሞላም። የረጋውም ሳይናጥ ከተቀመጠ እርጎ ሆኖ ይቀራል።

ዜና አንባቢው «አካባቢው አልተረጋጋም» ሲል፣ ጎረቤት ደግሞ «አገሩ ተናጠ» ሲል፣ ሁለቱም ቃላቸውን ያመጡት ከዚሁ ጓዳ ነው። ግእዙ «ረግዐ» መጠጠርን፣ መጽናትን ይናገራል፤ እርጎም ከዚያው የወጣ ነው። ሐኪም ቤት ግን ቃሉ ፊቱን ያዞራል። ወተት ሲረጋ በረከት ነው፤ የእግር ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ይገድላል። በዚያው ሆስፒታል «ታካሚው ተረጋግቷል» ሲባል ቤተሰብ እፎይ ይላል። የቅኔ ተማሪ በዚህ አይደነቅም፤ አንድ ቃል ሁለት ፍች ሲሸከም ኅብር ብሎ ያልፈዋል። ደብረ ኤልያስ ደግሞ የቅኔ አገር ነው፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከቀሰሙባቸው ደብሮች አንዱ ነው። ከደብር ደብር የሚዞረው የቆሎ ተማሪ ራሱ አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ነው፤ ዕውቀቱንም የሚያገኘው ባለመርጋቱ ነው።

ቃሉን ከስሜት አውጥቶ ሥርዓት ያስያዘው ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ አሌክሳንደር ሊያፑኖቭ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ነገሩን ትንሽ ብትነኩት ወደ ቦታው ይመለሳል ወይስ እየራቀ ይሄዳል? አንዲት ሽንብራ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጣሉ፤ ብትገፏት ተንከባላ ትመለሳለች። ሳህኑን ድፉትና አናቱ ላይ አስቀምጧት፤ ትንፋሽ ይበቃታል። ልብ በሉ፣ አናቱ ላይ ያለችውም ለጊዜው ቁጭ ብላለች። አለመረጋጋት ማለት እንቅስቃሴ ማለት አይደለም፤ ጸጥ ያለ ነገር ያልተረጋጋ ሊሆን ይችላል። የየዘርፉ ባለሙያ የሚለያየው ሽንብራዋ ምን እንደሆነችና ማን እንደሚነካት ሲናገር ነው።

አቶም አጥኚው ዘንድ የሚነካ እንኳ አያስፈልግም። ፖታሲየም 40 በራሱ ጊዜ ይፈርሳል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል፣ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳላት የታወቀው አጽሟ በተገኘበት አካባቢ ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ይህ አርጎን ተለክቶ ነው። ያ ንጥረ ነገር የተረጋጋ ቢሆን ኖሮ ሰዓት ባልሆነን ነበር።

የአየር ጠባይ አጥኚው የሚያየውን የጎጃም ገበሬም ያየዋል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ያረፍዳል። ፀሐይ ማሳውን ታሞቀዋለች፣ የሞቀው አየር ይነሣል። ደረቅ አየር ሽቅብ ሲወጣ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በዙሪያው ያለው አየር ከእሱ ይበልጥ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን የወጣው አይመለስም፤ እየፈጠነ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ጮቄ ተራራ ላይ ደመናው ይቆለላል፣ ከዚያ ነጎድጓድ፣ አንዳንዴም የደረሰ ሰብል የሚያረግፍ በረዶ። ትንበያው ለምን እንደሚስት ደግሞ የዚሁ ዘርፍ ሰው ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1961 በኮምፒውተር ሲሠራ አጋጠመው፤ 0.506127 የነበረውን ቁጥር 0.506 ብሎ ቢያስገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የወጣለት ፈጽሞ ሌላ አየር ነበር።

ለእኔ ግን አለመረጋጋትን ዓባይ በረሃን ያህል ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ቦታ የለም። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፦ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ደጀን ሽቅብ የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ። አስፋልቱ በየቦታው ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ጎኑ ይሰምጣል። አላዋቂ መንገድ ሠሪውን ይሰድባል። ጥፋቱ ግን ከሥሩ ነው። ከላይ ባዛልት፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሸክላማ ድንጋይ ያለበት ንብርብር (ጂኦሎጂስቶች በጎሐ ጽዮን ስም የሚጠሩት)፣ ከታች አሸዋ ድንጋይ። ከየገደሉ የተናደው ኮረትና አፈር ዳገቱ ላይ ተከምሯል፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ይጠጣና ሸክላው ይሟልጣል፣ ዳገቱም መንገዱን ተሸክሞ በዝግታ ይወርዳል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ እያሻገረ ነው፤ ወደ እሱ የሚያደርሰው መንገድ ግን የሚሄድ ገደል ላይ ተኝቷል። የዚህን መንሸራተት ፈጣን መልክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጎፋ ላይ አየነው። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሁለተኛው ደረሰባቸው፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። አንዴ የተናደ ዳገት አርፏል ማለት አይደለም፤ ቁስሉ ከበፊቱ ይበልጥ የቆመ ገደል ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ራሱ በሽታ የሆነበት ጊዜም አለ። ቦይንግ 737 ማክስ ሞተሩ ትልቅ ሆኖ ወደፊት ስለተገፋ በአንዳንድ ሁኔታ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሣ ነበር፤ ያን የሚያርም ሶፍትዌር ተጨመረለት። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ላይ ሶፍትዌሩ ከአንዲት ጠቋሚ የደረሰውን የተሳሳተ ልክ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ። 157 ሰው ሞተ።

የምጣኔ ሀብት ሰዎች ዘንድ ቃሉ ይምታታል። የዋጋ ንረት አንድ ነገር ነው፣ የዋጋ መዋዠቅ ሌላ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ 57 ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ ይህ አንድ ትልቅ እርምጃ ነው። መዋዠቅን ለማየት የጎጃምን በቆሎ ማስታወስ ይሻላል። በ1992 እና በ1993 ክረምት የተዘራው እጅግ ያማረ ምርት ሰጠ፤ በ1994 ዓ.ም. ዋጋው ከግማሽ በታች ወረደ። ማዳበሪያ በዱቤ የወሰደ ገበሬ ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በሚቀጥለው ክረምት ማዳበሪያ ቀነሰ። ያ ክረምት ደግሞ ዝናቡ ከዳ። በ1995 ዓ.ም. አገሪቱ ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ገበሬው የዘንድሮን ዋጋ አይቶ ለከርሞ ይዘራል፣ ከርሞ ዋጋው ይገለበጣል፤ መጻሕፍቱ ይህን የሸረሪት ድር ይሉታል። አሜሪካዊው ሃይማን ሚንስኪ ስለ ባንኮች ከዚህ የባሰ ነገር ተናግሯል፦ ረጅም መረጋጋት ሰውን ያደፋፍራል፣ ድፍረቱ ብድር ያበዛል፣ ብድሩ ቀውስ ይወልዳል።

የሥነ ምህዳር ሰዎችን በአንድ ነገር ብቻ ላንሣቸው። ከእነሱ አንዱ ሆሊንግ እ.ኤ.አ. በ1973 መረጋጋትና መቋቋም ለየቅል ናቸው አለ፤ ቁጥሩ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅ እንስሳ ድርቁን አልፎ ሊተርፍ፣ ተረጋግቶ የኖረው ሊጠፋ ይችላል።

ፖለቲካ ላይ ስንደርስ ቃሉ ባለቤት ያገኛል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው» ብሎ ተነሣ። ቤተ መንግሥቱ ሁከት አለው፤ ጦርም አዘመተ። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው መጽሐፉ ግን ይህንኑ ከትግራይና ከባሌ ጋር አስተካክሎ የገበሬ አመፅ ብሎ መረመረው። ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣናቸው ተነሡ፣ ግብሩም ጎጃም ላይ ሳይሠራበት ቀረ። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ደብረ ኤልያስ ወረዳ ባለው የሥላሴ ገዳም ተኩስ ተሰማ፤ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በአማራ ክልል ታወጀ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ስልክ ሲቋረጥ ምክንያቱ «ወቅታዊ ሁኔታ» ነው የሚባለው። ይህ አነጋገር ሽንብራዋንም፣ ሳህኑንም፣ የነካትንም እጅ ደብቆ የሚያስቀር ነው።

መንገድ መሐንዲሱ የቱ ዳገት፣ በየት በኩል፣ በዓመት ስንት እንደሚንሸራተት ለክቶ ይጽፋል። «አልተረጋጋም» ብሎ የሚያቆም ዘገባ ያን ያህል እንኳ አልሠራም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቀጥሎ ስትሰማው የምኑ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በማን እጅ ብለህ ጠይቅ።