ከጆሃንስበርግ የተነሣችው ኤሊ፦ ነጻ ሶፍትዌርና የሒሳብ ትምህርት

አንድ ተማሪ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንዲስል ቢጠየቅ፣ እያንዳንዱ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን ስለሚያውቅ ሥራው ቀላል ይመስለዋል። ይኸው ተማሪ በኮምፒውተር መስኮት ላይ የምትታይን አንዲት ትንሽ ኤሊ «ወደፊት 100 ሂጂ፤ ወደ ቀኝ 60 ዲግሪ ዙሪ» ብሎ ሦስት ጊዜ ቢያዝዛት ግን ሦስት ማዕዘኑ አይገጥምለትም። ኤሊዋ ሥላ የምታሳየው የባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ግማሹን ነው። ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው?

ይህን ጥያቄ የሕፃናት ትምህርት ማዕከል ያደረገው ሰው ሲይሞር ፓፐርት ይባላል። እ.አ.አ. በ1928 በደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ ተወልዶ፣ በጆሃንስበርጉ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፣ እ.አ.አ. በ1952 በሒሳብ የዶክትሬት ማዕረግ አግኝቷል። የአፓርታይድ ሥርዓት ተቃዋሚም ነበር። ከአገሩ ከወጣ በኋላ በእንግሊዝ ካምብሪጅ ሁለተኛ ዶክትሬቱን ሠርቶ፣ በጄኔቭ ሕፃናት እንዴት እንደሚያስቡ ከሚያጠናው ከዣን ፒያዤ ጋር ከቆየ በኋላ ወደ አሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተሻገረ። እ.አ.አ. በ1967 ከሲንቲያ ሰለሞንና ከዋሊ ፎየርዛይግ ጋር በመሆን «ሎጎ» የተባለውን ለሕፃናት የታሰበ የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኤሊዋ መጣች። በመጀመሪያ ወለል ላይ እየሄደች በብዕር የምትሥል መሣሪያ ነበረች፤ ኋላ ላይ ወደ ኮምፒውተር መስኮት ገባች።

ወደ ሦስት ማዕዘኑ እንመለስ። 60 ዲግሪ በቅርጹ ውስጥ ያለው ማዕዘን ነው። ኤሊዋ ግን የምትዞረው በውጭ በኩል ነው፤ ቀጥታ ከምትሄድበት አቅጣጫ የምትታጠፈው 180 ሲቀነስ 60፣ ማለትም 120 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ትእዛዝ «3 ጊዜ ድገሚ፦ ወደፊት 100፣ ቀኝ 120» ይሆናል። ለካሬ 4 ጊዜ 90፣ ለባለ ስድስት ጎን 6 ጊዜ 60 ነው። ተማሪው ቁጥሮቹን ሲያባዛ ሁሉም 360 ሆነው ያገኛቸዋል። ኤሊዋ ዙሪያውን ጨርሳ ወደ ተነሣችበት ቦታና አቅጣጫ ስትመለስ አንድ ሙሉ ዙር ዞራለች ማለት ነው። ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሲሠራ ደግሞ 5 ጊዜ 144፣ ማለትም 720 ይሆናል፤ ኤሊዋ ሁለት ጊዜ ዞራለች። ልጁ ካልገባው ተነሥቶ በእግሩ መሬት ላይ ይራመደው፤ ገላው ራሱ መምህር ይሆነዋል። የፓፐርት እምነትም ይኸው ነበር፦ ልጅ ሒሳብን የሚማረው ሲነገረው ብቻ ሳይሆን፣ ሲሠራበት፣ ሲሳሳትና ስሕተቱን ፈልጎ ሲያርም ነው።

እንዲህ ያለው ትምህርት ግን አንድ ነገር ይጠይቃል፤ መሣሪያው ለሁሉም ተማሪ ሊደርስ ይገባል። ነጻ ሶፍትዌር የሚባለው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገባል። በአማርኛ «ነጻ» ስንል ያለ ክፍያ የሚሰጥ ማለት ይሆናል፤ ከእስራት የወጣ ማለትም ይሆናል። በዚህ መስክ የሚበልጠው ሁለተኛው ፍቺ ነው። ነጻ ሶፍትዌር ማንም ለፈለገው ዓላማ ሊጠቀምበት፣ ውስጡን ከፍቶ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚፈቀድ ፕሮግራም ነው። የኤሊዋ ሥዕል ዛሬ በዚህ ዓይነት መንገድ ይገኛል። ፓይተን ከተባለው ነጻ የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ ስለሚመጣ፣ ፓይተንን የጫነ ተማሪ ኤሊዋንም አግኝቷል። በፓፐርት ሐሳብ ላይ የተገነባው ስክራች ደግሞ በአማርኛም ይሠራል።

ከሕፃናት ክፍል ከፍ ስንል ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ለከፍተኛ ሒሳብ የሚያገለግሉ የንግድ ፕሮግራሞች በፈቃድ የሚሸጡ ናቸው። ተማሪው በዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ሲሠራበት የቆየውን መሣሪያ ሲመረቅ ሊያጣው ይችላል። ሌላም ችግር አለ። ሒሳብ የሚቆመው በማረጋገጫ ነው፤ አንድ ውጤት እውነት የሚሆነው ሌላው ሰው እያንዳንዱን እርምጃ ሊፈትሸው ሲችል ነው። ስሌቱን የሠራው ፕሮግራም ውስጡ የተዘጋ ከሆነ፣ ፈታሹ «ማሽኑ እንዲህ ብሏል» ከማለት በቀር የሚናገረው አይኖረውም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዊሊያም ስታይን እ.አ.አ. በ2005 «ሴጅ» የተባለውን ነጻ የሒሳብ ሶፍትዌር ሲጀምር፣ ዓላማው ለታወቁት የንግድ ፕሮግራሞች ክፍት አማራጭ ማቅረብ ነበር። ሴጅ ሁሉንም እንደ አዲስ አልጻፈም፤ ማክሲማ፣ ጋፕና ፓሪን የመሳሰሉ ቀድሞ የነበሩ ነጻ ፕሮግራሞችን በፓይተን አማካይነት አያይዞ በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰባቸው።

ይህን መንገድ በአፍሪካ ከያዙት መካከል እ.አ.አ. በ2003 በኬፕታውን አቅራቢያ የተከፈተው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ተቋም ይገኛል። መሥራቹ የፊዚክስ ሊቁ ኒል ቱሮክ የጆሃንስበርግ ተወላጅ ነው፤ ወላጆቹ በአፓርታይድ ላይ በመታገላቸው ቤተሰቡ ለስደት ተዳርጓል። ተቋሙ ከመላው አህጉር ለሚመጡ ተማሪዎች፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ፓይተንንና ሴጅን የመሳሰሉ ነጻ መሣሪያዎችን አስተምሯል። ተማሪው ወደ አገሩ ሲመለስ መሣሪያውን ይዞ ይመለሳል፤ ለባልደረባው ቢያካፍልም ሕግ አልጣሰም። በዚያው በደቡብ አፍሪካ ስያቩላ የተሰኘው ድርጅት ክፍት ፈቃድ ያላቸው የሒሳብ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጅቶ፣ መጻሕፍቱ በመንግሥት ታትመው ለትምህርት ቤቶች ተሠራጭተዋል።

ሁሉም «ነጻ» የተባለ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በኦስትሪያ ማርኩስ ሆሄንቫርተር እ.አ.አ. በ2001 የጀመረውና በብዙ አገሮች ክፍሎች የሚሠራበት ጂኦጀብራ ለተማሪና ለመምህር ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ ለንግድ ሥራ ግን ሌላ ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች መሣሪያ ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ፈቃዱንም ማንበብ ይኖርባቸዋል።

ኢትዮጵያም የፓፐርት ሐሳብ ደርሷታል። እርሱ በሐሳቡ ባነቃቃው «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት፣ እ.አ.አ. ከ2008 ገደማ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ወደ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። ኮምፒውተሮቹ የሚሠሩት በነጻ ሶፍትዌር ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ብቻውን አያስተምርም። መብራት፣ ጥገና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመሣሪያው የሠለጠነና ተማሪው እንዲሳሳት የሚታገሥ መምህር ያስፈልጋል። የሶፍትዌሩ ነጻ መሆን ከእነዚህ አንዱንም አይተካም፤ የሚያስወግደው አንድ አጥር ነው፤ እርሱም የፈቃዱን አጥር።

ፓፐርት እ.አ.አ. በ2016 በ88 ዓመቱ አርፏል። ኤሊዋ ግን ዛሬም ትእዛዝ ትጠብቃለች። ልጆች ያሏችሁ አንባብያን በቤታችሁ ባለው ኮምፒውተር ላይ ልትሞክሯት ትችላላችሁ። ልጁ በመጀመሪያው ሙከራ 60 ብሎ ቢሳሳት አትቸኩሉበት፤ 120ን ራሱ ሲያገኘው አይረሳውም።