በደሴ አዳር፣ በባቲ ሰኞ

በባሕር የሽርሽር መርከብ የሚጓዙ ሰዎች አንድ የታወቀ ልማድ አላቸው። መርከባቸው ሌሊቱን ተጉዞ ጠዋት ወደብ ይደርሳል፤ እነሱም ወርደው ከተማውን ሲያዩ ውለው ማታ የመሳፈሪያው ሰዓት ሳይደርስ ይመለሳሉ። ያረፈደውን መርከቡ አይጠብቀውም። ሮምን የሚያየው የመርከብ መንገደኛ የሚወርደው ሮም ላይ አይደለም፤ ከከተማዋ በመኪና ከአንድ ሰዓት በላይ በምትርቀው በቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። አቴንስን የሚያየውም ፒሬየስ ላይ ይወርዳል። ያላቸው ጊዜ ጥቂት ነው፤ ግን አስቀድመው ይዘጋጁበታል። ምን እንደሚያዩ፣ በምን እንደሚሄዱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ቆርጠው ነው ከመርከቡ የሚወርዱት።

እኛ ባሕር ባይኖረንም እንዲህ ያለ ማረፊያ አለን፤ ደሴ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በምሥራቁ መንገድ የሚጓዝ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል። ወደ መቀሌ የሚሄደው አውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጅ በነበረበት ዘመን ብዙው መንገደኛ ሌሊቱን እዚሁ አድሮ ነበር ጉዞውን የሚቀጥለው። ዛሬም በዚሁ መንገድ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ላሊበላና ከዚያ ወዲያ የሚያልፈው ሁሉ ደሴን ወይም ኮምቦልቻን ሳይረግጥ አይሄድም። የሚያሳዝነው አረጋገጡ ነው። መናኸሪያ ይወርዳል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል፣ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል። ከዚያም «ደሴ ምን የሚታይ ነገር አላት?» ይላል።

ለጉዞው መነሻ የሚሆነውን ነገር ባጭሩ ልናገር። በአየር የሚመጣ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉት እዚያ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ አይጠፋም። መንገዱ የሐረጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከሆነው የኮምቦልቻ ሜዳ ወደ 2,500 ሜትር ያደርሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ በሸሚዝ የነበረ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ወይም ጃኬት ይፈልጋል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ በቂ ነው።

ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ከከተማዋ አይውጣ። መጀመሪያ ወደ አይጠየፍ ይሂድ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ሀብታምና ድሃ፣ እስላምና ክርስቲያን ሳይለይ እንግዳ ይስተናገድበት እንደነበር ይነገራል። ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ የነበሩ የወሎ መስፍን ናቸው፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፤ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። የልጅ ኢያሱ አባትም እሳቸው ናቸው። ይህን ታሪክ ይዞ አዳራሹ ውስጥ የቆመ ሰው ከግድግዳና ከጣሪያ ያለፈ ነገር ያያል። ከዚያ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዚየም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሰሜኑ ጦርነት በተያዘችበት ወቅት ተዘርፏል፤ ስለዚህ ከመሄድ በፊት ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ጊዜ ከተረፈ ቀና ብሎ የጦሳን ተራራ ማየት ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች በዚህ ተራራ ሥር ያለችውን ከተማ በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል።

ግማሽ ቀን ያለው ወደ ሐይቅ ይሂድ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ መጥተው ያጸኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ትልቅ የትምህርት ቦታ ነው። በዚያው ዘመን የተጻፈው የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው ከታወቁ ቀደምት የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። ቦታው ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በእግር ይገባል። ወደ ዋናው ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ይህን አስቀድሞ ያልተናገረ አስጎብኚ እንግዶቹን በር ላይ ያሳፍራቸዋል። የውኃው ዳርና በዚያው የሚጠበሰው ዓሣ ግን የሁሉም ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ያደረ ሰው አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ቢኖረው ባቲን ይይ እላለሁ። «ባቲ ሄጄ ነበር፤ ምንም የለም» የሚል ሰው ስሰማ ግን ያመኛል። ሁልጊዜ «በምን ቀን?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ማክሰኞ ነው፣ ወይም ሐሙስ ነው። ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው። በሌላ ቀን የሄደ ሰው ሞቃት የሆነች ትንሽ ከተማና ባዶ ሜዳ አይቶ ይመለሳል፤ ጥፋቱ ግን የባቲ አይደለም።

ገበያው ለምን እዚያ ቦታ፣ ለምንስ እንዲያ ሰፊ እንደሆነ ለመረዳት የመሬቱን አቀማመጥ ማየት ያስፈልጋል። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ናት። ወደ ምዕራብ ደጋው ይነሣል፤ ወደ ምሥራቅ መሬቱ ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። የአፋር ግመል የደጋውን ብርድና ዳገት አይወደውም። የደጋው ገበሬና አጋሰሱም የበረሃውን ሙቀት አይችሉትም። ስለዚህ ሁለቱም የሚችሉት መካከለኛ ቦታ ላይ ተገናኙ። አንዱ ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ቡናና ቅቤ ይዞ ይወርዳል። በመካከል የአካባቢው ኦሮሞ ሁለቱንም እያገናኘ ይነግዳል። ኋላ ጣልያን የአሰብን መንገድ በዚሁ በኩል ሲሠራ ባቲ የወደቡ ዕቃ ወደ ደጋ የሚወጣባት በር ሆነች። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አሰብ ለእኛ ተዘግቷል፤ የሰኞው ገበያ ግን አልተዘጋም። ገበያው የቆመው በመርከብ ላይ ሳይሆን በደጋና በቆላ ልዩነት ላይ ነውና።

ስለ ባቲ ሌላም የተሳሳተ ሥዕል አለ። ብዙ የውጭ ሰው ስሟን የሚያውቀው በ1977ቱ ረሃብ ነው፤ ያኔ እንደ ኮረም ሁሉ ትልቅ የረሃብተኛ መጠለያ ነበረባት። ያ መከራ እውነት ነው፤ ሊረሳም አይገባውም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ዘመናትን የቆጠረ፣ ከዚያም በኋላ ያልቆመ ንግድ እንዳላት የማያውቅ ሰው ባቲን ያወቃት በግማሽ ነው። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ የሚጠራው በረሃብ አይደለም። ሌላው ቅኝት አምባሰልም ከሐይቅ አልፎ ያለው አገር ነው። ከአራት ሁለቱ ቅኝት በስማቸው የሚጠራላቸውን አገሮች ከደሴ አዳር በኋላ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። ይህን ዕድል ተኝቶ የሚያሳልፍ መንገደኛ ቁጭት ሊሰማው ይገባል።

ሰኞ ጠዋት ገበያው ዳር ቁሙና እዩ። ከሁሉም አቅጣጫ ሰው ይገባል። የከብቱ ገበያ ለብቻው ነው፤ እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደዚያ ነው። ግመል የሚገዛ ሰው አይቸኩልም። መጀመሪያ ከሩቅ ሆኖ አረማመዱን ያያል። ከዚያ ተጠግቶ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይቆጥራል፤ ዕድሜው የሚታወቀው በዚያ ነው። ሻኛውን በመዳፉ ይጫናል፤ ጠንከር ያለ እንደሆነ ግመሉ ጠግቦ ከርሟል፣ ልል እንደሆነ ተጎድቷል። በመጨረሻ ያንበረክከዋል፣ ያስነሣዋል፣ ደግሞ ያንበረክከዋል፤ ሲነሣ የሚያመነታ እግር ካለ የሚጋለጠው ያኔ ነው። ዋጋው የሚነገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ሰኞ ይህን ሁሉ ቆሜ ሳይ የቆየሁ አንድ የአፋር ሽማግሌ በአማርኛ «ልትገዛ ነው?» አሉኝ። «አይ አባቴ፣ ላይ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። «እንግዲያው ወደ ኋላው አትቁም» አሉና ክንዴን ይዘው ወደ ጎን አቆሙኝ። ግመል ይራገጣል፤ ከዚያ ወዲህ ለሚሄድ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው።

ከከብቱ ገበያ ወደ እህሉ መውረድ ነው። ማሽላዋን በጣሳ የምትሰፍር ሴት ጣሳውን ሞልታ፣ በእጇ ክምር አድርጋ ገልብጣ፣ ደግሞ እፍኝ ትጨምራለች። ምርቃት ናት። ምርቃቷን ሳያገኝ የሚሄድ ገዢ የለም፤ ሳትጠይቋት ብትረሳ ራሷ ጠርታ ትሰጣችኋለች። ከዚያ ቡና ነው። እርጥብ ሣር ተጎዝጉዞ ዕጣን የሚጨስበት ጥግ አይጠፋም፤ ስኒዋን ሲያቀብሉ «ጀባ» ይላሉ። በዚያች በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሰው አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ ነጋዴው ሦስቱንም እያቀያየረ ሲዋዋል ያያል። መጽሐፍ ስለ ወሎ መቻቻል የሚጽፈውን እዚህ በጣሳና በብር ሲሠራ ታዩታላችሁ።

የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ይጠብቅ። ከደሴ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መነሣት አለበት፤ ገበያው የሚደምቀው ከረፋዱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል፣ ከሩቅ የመጣውም መመለስ ይጀምራል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ተመልሶ ምሳ መብላት ይቻላል። የበለጠ ያማረ ጉዞ የሚፈልግ ደግሞ ከአዲስ አበባ እሑድ ይነሣ። ከሸዋ ሮቢት በኋላ የምትገኘው ሰንበቴ ገበያዋ እሑድ ነው። ሰንበቴን አይቶ፣ ኮምቦልቻ አድሮ፣ ሰኞ ባቲ የደረሰ ሰው ሁለቱን ታላላቅ የቆላና የደጋ መገናኛ ገበያዎች በሁለት ቀን አየ ማለት ነው።

አንዳንድ እንግዶችንም መገሠጽ አለብኝ። ገበያ የሚውለው ሰው ሥራ ላይ ነው። ሰላምታ ሳያቀርቡ ካሜራ ፊቱ ላይ መደገን ብልግና ነው፤ አፋሩ ጊሌውን ታጥቆ፣ እናቲቱ ጸጉሯን በቅቤ አሳምራ የመጡት ለፎቶ አይደለም። ጠይቁ፤ ፈቃደኛው ብዙ ነው፤ እንቢ ያለውንም ተዉት። ምንም የማትገዙ ቢሆን እንኳ ቡና ጠጡ። ሾፌሩን «ቶሎ እንሂድ» እያላችሁ ሌላውን ተጓዥ አታስጨንቁ፤ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ባቲን አየሁ ማለት አይቻልም። አስጎብኚ ድርጅቶችም ጥፋት አለባቸው። እንግዳውን በየትኛው ቀን እንደሚያሳልፉት ሳያስቡ ደሴን «አዳር» ብለው ብቻ በመርሐ ግብራቸው ይጽፋሉ። የላሊበላ ጉዞ በአንድ ቀን ቢገፋ ላሊበላ አትጠፋም፤ የባቲ ሰኞ ግን ለሳምንት ያመልጣል።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ልትጓዙ የምታስቡ ሁሉ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቀን መቁጠሪያውን እዩ። የመንገዱን ሰላም ከአገሬው ሰው ጠይቁ። እሑድን ለመንገድ፣ ሰኞን ለባቲ፣ ማክሰኞን ለአይጠየፍና ለሐይቅ አድርጉ። ከዚያ ወደፈለጋችሁበት ቀጥሉ።